ነጻ ተብሎ የቀረው እስረኛ

ወህኒ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ የወንድ ቡትስ ጫማ ነው። የሴት ልክ ከሐረር ይመጣል አሉኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እየመጣ ነበር። ቀጥሎ ፊሽካ ሰጡኝ። ከዚያ አዛዣችን ሻምበል ታደለ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ኦሮምኛ ትችያለሽ?" አሉኝ። አሰበ ተፈሪ ተወልጄ፣ ገበያው መሐል አድጌ፣ አልችልም ብል ማን ያምነኛል?

"እችላለሁ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ሥራሽ ሁለት ነው። በር ላይ ሴት ጠያቂዎችን ትፈትሻለሽ፤ ፍርድ ቤት ሲፈልግሽ ደግሞ ታስተረጉሚያለሽ።"

ደመወዙ ግን አንድ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው፤ የሶማሌ ጦርነት አልፎ አገር ትንሽ ተንፈስ ያለበት። ከእኔ በፊት ሴቶቹን የሚፈትሽ ሰው ስላልነበረ፣ በቀሚስ ሥር ተደብቆ ያልገባ ነገር የለም ይባላል። በዚያው በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናት ካዘለችው ሕፃን ሥር አንድ እስር ጫት አገኘሁ። ጫት ክልክል ነው። ደረቴን ነፍቼ ለተረኛው መኮንን አስረከብኩ። "ጎበዝ! ተወርሷል" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ጉንጩን ወጥሮ ሲቅመው አየሁት። ሕግ ማለት ይሄ ነው ለካ ብዬ ወደ በሬ ተመለስኩ።

ኦቦ ሙሜን ያመጧቸው ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። ከመቻራ በጭነት መኪና፣ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠው መጡ። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ከመኪናው ሲወርድ አጥንቱን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ነው የሚወርደው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። መዝጋቢው "ወንጀልህ ምንድነው?" አላቸው።

"ሰው አስታርቄ" አሉ።

መዝጋቢው ብዕሩን አስቀመጠ። "እሱ ወንጀል አይደለም፤ ትክክለኛውን ተናገር።"

ትክክለኛው ያው ነበር። ዳሮ ለቡ ውስጥ ሁለት ቤተሰቦች በቡና ማሳ ድንበር ተጣልተው አንደኛው የሌላውን ክንድ በዱላ ሰበረ። ኦቦ ሙሜ የታወቁ የአገር ሽማግሌ ናቸውና ጠሯቸው፤ ተቀምጠው አስታረቁ፤ ካሣ ተከፈለ፣ በሬ ታረደ። ፖሊስ ሲደርስ መቺና ተመቺ ከአንድ ገበታ ሲበሉ አገኛቸው። "ማነው የዳኘው?" ሲባል ሽማግሌው "እኔ" አሉ። የአውራጃው ዳኛ አቶ ጌታሁን፣ ያለ ሥልጣን ዳኝተሃል፣ ወንጀልም ደብቀሃል ብለው ዓመታት ፈረዱባቸው። ኦቦ ሙሜ ወደ ሐረር፣ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ አሉ። እስከዚያው እኛ ዘንድ ተቀመጡ።

መቀመጥ ስል እውነቴን ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ አለ። እሱ ሥር ተቀመጡ፤ ነገርም መጣላቸው።

በመጀመሪያ ሁለት እስረኞች በመኝታ ቦታ ተጣሉ፤ አስታረቋቸው። ከዚያ ሁለት ወታደሮች በዘብ ተራ ተጣሉ፤ እነሱንም አስታረቁ። ከዚያ የወታደሮቹ ሚስቶች መጡ። ወሬው ገበያ ገባ። ከሂርና ነጋዴው፣ ከሚኤሶ አርብቶ አደሩ፣ ከየገጠሩ ገበሬው "እስረኛ ልንጠይቅ ነው" እያለ በጠያቂ ቀን ይመጣ ጀመር። በር ላይ "ዘመድህ ማነው?" ስንለው "ኦቦ ሙሜ" ይላል። ያ ሁሉ ሕዝብ ዘመዳቸው ነበር።

በነሱ ወግ ጃርሱማ የሚባለው ሽምግልና ሲጀመር፣ ከሳሽም ተከሳሽም ዱላቸውን ሽማግሌው እግር ሥር ያስቀምጣሉ። ነገሩ እስኪያልቅ ዱላው አይነሳም፤ የጀመረው ሽማግሌም ጥሎ አይሄድም። ሸጋ ወግ ነው። ወህኒ ቤት ውስጥ ግን ዱላ ክልክል ነው። ሻምበል ታደለ አሰቡ፣ አሰቡና ዱላዎቹ የመሣሪያ ግምጃ ቤት እንዲቀመጡ አዘዙ። የግምጃ ቤቱ ሃምሳ አለቃ ጠመንጃዎቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋና ለዱላ ቦታ ለቀቀ። በሽምግልናው ሰዓት በሸክም ያወጣቸዋል፤ ማታ መልሶ ይቆልፍባቸዋል።

ጫትስ? ጃርሱማ ያለ ጫት አይሆንም። እሱንም ሻምበሉ ፈቱት፤ ጫቱ በር ላይ ይወረሳል፤ የተወረሰው ወደ ዛፉ ይሄዳል። ስወርስ የምውለው እኔ ነኝ፤ ተሸክሜ የማደርሰውም እኔው። አንድ ካድሬ መጥቶ "ይሄ ስብሰባ ምንድነው?" ቢል ሻምበሉ ዓይናቸውን ሳያሹ "የእስረኞች የውይይት ክበብ ነው ጓድ" አሉት። ካድሬው ዳር ላይ ተቀምጦ ሰማ፤ ሲወጣ "የነቃ ክበብ ነው" አለ።

ሻምበሉ ለምን እንዲህ እንደሆኑ ሁላችን እናውቃለን። ሻለቃ ሊሆኑ ነበር። ከዚያ በፊት እስረኛ ሳይፈነካከት የዋለበት ሳምንት አልነበረም፤ ኦቦ ሙሜ ከመጡ ወዲህ ግን ጠብ ጠፋ። የሐረር አለቆች "ምሳሌ የሚሆን ወህኒ ቤት" ብለው አመሰገኗቸው። ሻምበሉ ኦቦ ሙሜን እንደ ዓይናቸው ብሌን ያይዋቸው ጀመር።

የፍርድ ቤቱ ችሎት ግን ጭር አለ። አስተርጓሚነት ስሄድ ዳኛ አቶ ጌታሁን ባዶ አግዳሚ ፊት ተቀምጠው ጥፍራቸውን ሲቆርጡ አገኛቸዋለሁ። "ሰዉ ታረቀ እንዴ?" ይሉኛል። 

ኋላ አንድ እሑድ ራሳቸው መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በብብታቸው ይዘዋል። እኔ የምፈትሸው ሴት ስለሆነ አልነካኋቸውም፤ ጋዜጣው ግን ጫፉ ላይ ተቀዶ፣ ባለ ብር ቀለበቱ ከዘራቸው ብቅ ብሏል። ጠበኛቸው ጎረቤታቸው ሐጂ አብዱላሂ ናቸው፣ የጫት ነጋዴው። የሐጂ መኪና ጎህ ሳይቀድ ዳኛው ደጃፍ ላይ ሞተሩን እያንጓጓ ይጭናል፤ ዳኛው እንቅልፍ የላቸውም። "ለምን አይከሷቸውም?" አልኳቸው።

"በማን ፊት? በአውራጃው ያለሁት ዳኛ እኔ ነኝ!" አሉኝ በንዴት።

የፈረዱባቸው ሰው እግር ሥር ከዘራቸውን አስቀምጠው ሲመለሱ፣ ኮታቸውን አራግፈው ወጡ። እኔም ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳቄን ዋጥኩ።

አሁን ስለ አዴ ዘሃራ ልንገራችሁ፤ የኦቦ ሙሜ ሚስት ናት። በዕድሜ ከእኔ ብትበልጥም አንቺ በይኝ ያለችኝ እሷው ነች። በየወሩ ከመቻራ ትመጣለች። የመጀመሪያ ቀን ስፈትሻት "በደንብ ፈትሺ፣ መንገዱ ላይ የጠፋብኝ ነገር ካለ ታገኚልኛለሽ" አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆንን። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ሴቶቹ ተድረው ወጥተዋል። ቡናውን የምትኮተኩተው፣ ፍየሉን የምትጠብቀው ብቻዋን ናት። እጇን ሳይ ያሳዝነኝ ነበር። ባሏ ዘንድ ስትደርስ ደግሞ ተራ መጠበቅ አለባት፤ ባለጉዳይ ከቧቸዋል።

"ባሌን ለማየት ጠብ መፍጠር አለብኝ እንዴ?" ትለኛለች።

አንድ ቀን የይግባኙ ውሳኔ ከሐረር መጣ። ሰው ማስታረቅ ወንጀል አይደለም፣ ነጻ ናቸው፣ ይፈቱ ይላል። እልል አልኩ፤ ዩኒፎርም ለብሼ እልል ማለቴ በኋላ አስገስጾኛል። ለዘሃራ በመቻራ መኪና መልእክት ላክሁ። አዲስ ሽርጥና አዲስ ኮፊያ ይዛላቸው፣ ራሷም ተኳኩላ መጣች። ያን ቀን አልፈተሽኳትም።

ኦቦ ሙሜ ቁንዶ በርበሬው ሥር ነበሩ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ ውሳኔውን ስነግራቸው። ከዚያ ፊታቸው ያለውን የዱላ ክምር አዩ።

"ይህን የት አደርገዋለሁ?" አሉ።

"ምኑን?"

"የተጀመረ ነገር ነው ልጄ። የሚኤሶዎቹ ደም አለ፤ ሰው ተገድሎ ሁለቱም ወገን ዱላቸውን እዚህ አስቀምጠዋል። ጥዬ ብሄድ ይገዳደላሉ። ይህን ልጨርስና እወጣለሁ።"

ዘሃራ ሽርጡን እንደያዘች ቆመች። "አባ ሰሚራ፣ ነጻ ነህ እኮ!" አለች። በመጀመሪያ ልጃቸው ስም ነው የምትጠራቸው።

"ነጻ ስለሆንኩ ነው የምቀመጠው" አሉ።

ወይ ጉድ! እስረኛ አምልጦ ያውቃል፤ ሞቶ ያውቃል። ተፈትቶ አልወጣም ያለ ግን አይቼ አላውቅም። ሻምበሉ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። "በሩ ክፍት ነው፤ ሽማግሌን ገፍትሬ አላስወጣም፤ ነውር ነው" አሉ።

ችግሩ ቆጠራው ላይ መጣ። ጠዋትና ማታ እስረኛ ይቆጠራል። ኦቦ ሙሜ እስረኛ አይደሉም፤ ካልተቆጠሩ ግን ዳቦ የለም። ተረኛው አሥር አለቃ ሰልፉን ቆጥሮ ሲጨርስ "እስረኛ ይህን ያህል፣ ሰው አንድ!" ብሎ ሪፖርት አደረገ። ከሰልፉ አንዱ "እኛስ ምንድነን?" ብሎ ጮኸ። ሊደባደቡ ነበር፤ ኦቦ ሙሜ ገብተው አበረዱት።

ሽምግልናው ደግሞ የሚያልቅ አይደለም። አንድ ዱላ ሲነሳ ሁለት ይቀመጣል። ሕዝቡ ሰውየው ሊሄዱ ነው ሲባል ያለውን ጠብ ሁሉ ይዞ ጎረፈ፤ የሌለውም ሳይፈጥር አልቀረም። "መቻራ ከገባ ማን ያገኘዋል? እዚህ ሁልጊዜ ቤቱ ነው" ይሉ ነበር፤ ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሚቀጥለው ወር ዘሃራ ስትመጣ ኩሉ አልነበረም። በር ላይ መሬት ቁጭ አለች። የገበሬ ማኅበራቸው ሊቀመንበር ጠርቷት ኖሯል። ሰውየው እስረኛ ሳሉ ማሳው የእስረኛ ቤተሰብ ነው፣ ማንም አይነካውም። አሁን ግን ፍርድ ቤት ነጻ ብሏቸዋል። ነጻ ሰው ማሳው ላይ ካልታየ ትቶታል፣ ወይም ወደ ሶማሌ ገብቷል ማለት ነው። የቡና ለቀማ ሲጀመር ካልተገኙ ማሳው ለሌላ ይሸነሸናል።

"ቡናው ቀልቷል" አለችኝ። "ታስሮ የጠበቀልኝን መሬት ተፈትቶ ሊያስወስድብኝ ነው።" ከዚያ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ለባሏ ነገረቻቸው። ኦቦ ሙሜ ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ዱላዎቹ አዩ፤ ወደ ሚኤሶ ሰዎች አዩ፤ ወደ እሷ አዩ። "ትንሽ ታገሺ" ብቻ አሉ። እሷም ብድግ ብላ ወጣች።

የሄደችው ፍርድ ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ወሰድኳት፤ አስተረጎምኩ።

"ባልሽን ማን አሰረው?" አላት።

"ማንም።"

"ታዲያ ማን ይፍታልሽ?"

"እሱን እኮ ነው ፍርድ ቤቱን የምጠይቀው!"

ጸሐፊው ራሱን አከከና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ጀምሮ እንዲህ ያለ ጉዳይ ጽፌ አላውቅም አለ፤ ምን ለማለት እንደፈለገ እንጃ። ጻፈው ግን። አንድ ሰው ያላግባብ ወህኒ ቤት ስለሚገኝ አካሉ ነጻ ወጥቶ ለሚስቱ ይሰጥ የሚል አቤቱታ ሆነ።

የችሎቱ ቀን አግዳሚው ሞላ፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዳኛ አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን አድርገው ተሰየሙ። በአንድ በኩል ዘሃራ፣ አጠገቧ እኔ። በሌላ በኩል ሻምበል ታደለ፣ ኮፍያቸውን በብብታቸው ይዘው። ኦቦ ሙሜ መሐል ላይ።

"ሻምበል፣ ይህን ሰው ለምን አልፈቱም?" አሉ ዳኛው።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ፈትቻለሁ። በሩ ክፍት ነው።"

"ታዲያ ለምን አልወጣም?"

"ዱላ ስላለ ነው።"

"የምን ዱላ?"

ሻምበሉ ማስረጃ አዘጋጅተው ኖሯል። በእጃቸው ሲጠቁሙ ሁለት ወታደሮች የዱላ እስር በቃሬዛ ተሸክመው ገቡና ችሎቱ መሐል ዘረገፉት። አቧራ ተነሳ። "እነዚህ ሁሉ ያላለቁ ጠቦች ናቸው፤ ሰውየው ዛሬ ከወጡ ለአውራጃው ጸጥታ ኃላፊነት አልወስድም" አሉ።

ዱላዎቹ ተንከባለሉ። ከሁሉ ቀድሞ ዳኛው ጠረጴዛ ሥር የደረሰው ባለ ብር ቀለበቱ ከዘራ ነው። ዳኛው ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

ከኋላ አግዳሚ ሐጂ አብዱላሂ ብድግ ብለው "ያውና! የኛው ጉዳይ ነው፤ ገና አላለቀም!" አሉ በኩራት።

አቦ፣ ያንን ሳቅ! ሻምበሉ ራሳቸው በኮፍያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ዳኛው ጠረጴዛውን ደበደቡ። ሲረጋጋ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ይህን ብናገር ውርደት ነው ሳይሉ መናገራቸውን እስከ ዛሬ አከብርላቸዋለሁ። "በነገሩ ውስጥ ያለ ሰው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። እኔ ከዚህ መዝገብ ተነስቻለሁ። ሌላ ዳኛ እዚህ ስለሌለ መዝገቡ ሐረር ይሂድ። እስኪወሰን ድረስ ግን ሰውየው ባሉበት ይቆዩ።"

ዘሃራ እጄን ጎተተች። "ምን አለ?"

ነገርኳት። "ባሉበት ይቆዩ" የሚለውን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። ነጻ ሆነው የተቀመጡትን ሰው አሁን ፍርድ ቤት በትዕዛዝ አስቀመጣቸው፤ ለዚህ ነበር የከሰሰችው! ሐረር እስኪወስን ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሽጦ ያልቃል።

"መጀመሪያ ያለውን ድገሚልኝ" አለችኝ።

"በነገሩ ያለበት ሰው ዳኛ አይሆንም።"

"መንግሥትም እንደኛ ነው እንዴ?" አለች።  ያን ዕለት ወደ መቻራ አልተመለሰችም፤ እኔ ቤት አደረች።

በማግስቱ የጠያቂ ቀን ነበር። እኔ በር ላይ ነኝ፤ ዘሃራ ከገበያ በኩል ስትመጣ አየኋት። እጇ ላይ ዱላ አለ፤ ቅርፊቱ ገና ያልተላጠ፣ የወይራ።

"አዴ ዘሃራ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ክስ።"

"ማንን?"

"አባ ሰሚራን።"

"በማን ፊት?"

"በራሱ ፊት" አለች። "ፈትሺኝ ካልሽ ፈትሺኝ፤ ቶሎ በይ ግን።"

ኧረ በስማም! ዱላው ወደ ግምጃ ቤት መሄድ ነበረበት። እኔ ግን በሩን ከፈትኩላት፤ ጥበቃዬንም ትቼ ተከተልኳት።

ቁንዶ በርበሬው ሥር የሚኤሶዎቹ ሽማግሌዎች፣ የሂርና ነጋዴዎች፣ ሻምበሉም ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል። ሴት ወደዚያ መሐል ገብታ አታውቅም። ዘሃራ ገባች። ዱላዋን ባሏ እግር ሥር፣ ከሁሉም ዱላ በላይ አስቀመጠች።

ኦቦ ሙሜ ዱላውን አዩ። "ይሄ የማነው?"

"የኔ።"

"ተከሳሹ ማነው?"

"አንተ።"

ሰው ሁሉ መቃም አቆመ።

"ክሱ ምንድነው?" አሉ ቀስ ብለው።

"ላንተ ብነግርህ ልትዳኝ ነው። አልነግርህም። መቻራ ላሉት ሽማግሌዎች ነው የምናገረው፤ እዚያ ቀርበህ መልስ።"

 ከሚኤሶዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አንገታቸውን ነቀነቁና "እውነቷን ነው። የተከሰሰ ሽማግሌ፣ የራሱ ነገር ሳያልቅ የሰው ነገር ላይ አይቀመጥም" አሉ።

ሻምበሉ ከወንበራቸው ዘለሉ። "አይቀመጥም ማለት ምንድነው? ይቀመጣል! አዝዣለሁ!"

"ማዘዝ ትችላለህ ጌታው" አሉ ሽማግሌው። "እኛ ግን አንሰማውም።"

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ በትክክል ተርጉመሽ ከሆነ ድገሚ ዓይነት። ደገምኩላቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ ይታየኛል፤ አሥር ጊዜ አሰቡ።

"እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጠብ ማብረድ አይችሉም?"

"አይችሉም።"

"ከወታደሮቹ ጠብ አንዱንም?"

"አንዱንም።"

"ታዲያ ይሄ ሰው ምን ሊሠራልኝ ነው? ዳቦ ሊበላ?" ብለው ጮኹ። "አስወጡልኝ!"

"ጌታዬ፣ ባሉበት ይቆዩ የሚል የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አለ" አለ አንዱ አሥር አለቃ።

ትዕዛዙ የወጣው በዘሃራ አቤቱታ ነው። ከሳሿ ከተወችው መዝገቡ ይዘጋል። ዱላዋን እንዳስቀመጠች ፍርድ ቤት ሮጥን። "ባሌን ነጻ አውጡልኝ ማለቴን ትቻለሁ" ብላ ፈረመች፤ አሻራዋን ስታሳርፍ ጣቷን እንደ ማኅተም ረገጥ አድርጋ ነው። ዳኛ አቶ ጌታሁን፣ መዝጋት መፍረድ አይደለም ብለው ገና ሐረር ያልተላከውን መዝገብ ሲዘጉ "አቤቱታዋን ስላነሳች ባሏ ይፈታል" የሚለውን ሁለቴ አንብበው ራሳቸውን ያዙ።

ኦቦ ሙሜ ከመውጣታቸው በፊት ዱላ ተመለሰ። ሃምሳ አለቃው በር ላይ ቆሞ "የማነው ይሄ?" እያለ ያድላል። ኦቦ ሙሜ ለባለጉዳዮቹ "የፈለገ መቻራ ድረስ ይከተለኝ፤ ያልፈለገ ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ" አሉ። መቻራ የሚለውን ሲሰሙ ሰዎቹ ተያዩ። ያንን መንገድ አስበው እዚያው በሩ ላይ እየተቃቀፉ የታረቁ ብዙ ናቸው። የሚኤሶዎቹ ግን ደም ነውና፣ ሁለቱም ወገን ዱላቸውን በአንድነት አስረው አብረው ተጫኑ።

ከዘራውን ለዳኛው ያደረስኩት እኔ ነኝ። የሐጂ መኪና ደጃፋቸው ላይ ሞተሩን እያንጓጓ ቆሟል። "መቻራ ድረስ? በዚያ መንገድ?" አሉና ከዘራቸውን ይዘው ራሳቸው ወደ ሐጂ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ከሐጂ ጓሮ ነበር የሚጭነው።

ኦቦ ሙሜ አዲሱን ሽርጥ ለብሰው መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ። ዘሃራ ጆንያው ላይ ወጥታ ተመቻችታለች። ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ እኔ መውጫው ጠፍቶኝ ነበር" አሉኝ። "ሰው ሁሉ ሲፈልግህ እምቢ ማለት ያቅትሃል። ከዚህ በፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ማታ ማታ ግን ቡናዬን እያሰብኩ አለቅስ ነበር።" ዘሃራ ከላይ "አባ ሰሚራ! ውጣ በቃ!" ብላ ጮኸች። ወጡ።

በዚያው ሳምንት እስረኞች በመኝታ ቦታ ተፈነካከቱ። ሻምበሉ ሻለቃነቱን አገኙ፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ወደ ሌላ ቦታም ተዛወሩ።

ዘሃራ ለቀማው ካለቀ በኋላ አሰበ ተፈሪ ገበያ መጥታ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና አመጣችልኝ። ማሳው አልተነካም። "የመቻራ ሽማግሌዎች ምን ፈረዱ?" አልኳት።

"ክስሽን ተናገሪ አሉኝ። ቤቱ የት እንደሆነ ረስቷል አልኩ። ቡናው ጎተራ እስኪገባ ከደጁ እንዳይወጣ፣ ማንንም እንዳያስታርቅ ፈረዱበት።"

"እሳቸውስ?"

"ይግባኝ አላለም" አለች፤ ሳቀችም።

አሁን ዩኒፎርም ለብሳችሁ በር ላይ ለምትቆሙት አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። የመፍቻ ትዕዛዝ በእጃችሁ ከገባ በዚያው ሰዓት ሰውየውን አስወጡት። ማቆያ ምክንያት አይጠፋም፤ አንዳንዱም ጥሩ ምክንያት ነው። እናንተ ግን በሩን ከፍታችሁ እስኪወጣ ድረስ ቁሙ።